አባ ተስፋ ጽዮንና የሮማ ፊደል

በመሐንዲሶች መጽሔት ላይ የአንድ መነኩሴ የሕይወት ታሪክ መቅረቡ ለአንዳንድ አንባብያን እንግዳ ሊመስል ይችላል። ሐሳቡ የመጣልኝ አብርሃ ጅራ ላይ ነው። ለአንዲት አነስተኛ የውኃ መሻገሪያ ያዘጋጀሁትን ንድፍ፣ ማብራሪያው አምሮ እንዲታይ ብዬ ኮምፒዩተሩ ዘመም በሚያደርገው የአማርኛ ፊደል ጽፌ ላክሁት። ወረቀቱ ከቅጂ ወደ ቅጂ እየተገለበጠ ከሥራው ቦታ ሲደርስ የ«ለ» እና የ«ላ» እግር ተመሳስሎ፣ ፎርማኑ ወረቀቱን ይዘው እኔን ፍለጋ መጡ። ፊደሉ ነፋስ እንደ መታው የሰሊጥ አዝመራ በአንድ ወገን ተኝቷል። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ፊደል ስለ ምን ይዘማል ብዬ ስጠይቅ ግን ነገሩ ወደ ሮማ፣ ከሮማም ወደ አንድ የደብረ ሊባኖስ ሰው መራኝ።

ፈረንጆች ኢታሊክ የሚሉት ዘመም ያለ ፊደል የተወለደው ቬኒስ ላይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አሳታሚው አልዱስ ማኑቲዩስ፣ ፍራንቼስኮ ግሪፎ በተባለ ቀራጭ አስቀርጾ፣ በ1501 የቨርጂልን ግጥሞች በእጅ በምትያዝ ትንሽ መጽሐፍ በዚሁ ፊደል አተመ። አርአያው የምሁራን ፈጣን የእጅ ጽሑፍ ነበር እንጂ ቀጥ ያለውን ፊደል ገፍቶ ማጋደል አልነበረም። እንዲያውም ትልልቆቹ ፊደላት አልዘመሙም፤ ቆመው ቀሩ። በ1520ዎቹ የጳጳሱ ጽሕፈት ቤት ጸሓፊ የነበረው ሉዶቪኮ አሪጊ ሮማ ላይ ይበልጥ ያማረውን አወጣ።

በግዕዝ የመጀመሪያው መጽሐፍ የታተመውም በዚሁ ዘመን፣ በዚሁ ከተማ ነው። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ካህን አባ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል ከተባሉ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ተምሮ በ1513 መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ። ቋንቋውን ከለዳዊ ነው ብሎ መሰየሙ ግን ስሕተት ነበር።

አባ ተስፋ ጽዮን በዚያን ጊዜ ገና ሕፃን ነበሩ። ያደጉበት የደብረ ሊባኖስ ገዳም በ1531 በአሕመድ ግራኝ ጦርነት ተቃጠለ። አገሪቱ በጦርነት ስትታመስ እሳቸው በኢየሩሳሌም በኩል ሮማ ገቡ፤ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ በሚገኘው የኢትዮጵያውያን ማረፊያ በቅዱስ እስጢፋኖስም ተቀመጡ። ፈረንጆቹ ጴጥሮስ ኢትዮጵያዊ እያሉ ይጠሯቸው ነበር። ብዙ ቋንቋ ዐዋቂ በመሆናቸው ከጳጳሱ ከሣልሳዊ ጳውሎስ ጀምሮ ታላላቅ ሰዎች አከበሯቸው።

መጻሕፍት በአገር ቤት እየነደዱ ሳለ እሳቸው አንድ ሥራ ጀመሩ፤ ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ ማሳተም። ተንሥአ ወልድና ዘሥላሴ የተባሉ ሁለት የአገራቸው ሰዎች ረዷቸው። ማተሚያው የቫሌሪዮና የሉዊጂ ዶሪኮ ነበር፤ ወንድማማቾቹ በሙዚቃ ኅትመትም የታወቁ ናቸው።

የሥራውን ክብደት እኛ መሐንዲሶች በቁጥር እናየዋለን። ለእያንዳንዱ ፊደል በብረት ጫፍ ላይ ቅርጽ ይወጣል፤ ቅርጹ መዳብ ላይ ይመታል፤ እርሳስ ቀልጦ ይፈስበታል። የላቲን ፊደል በጥቂት ደርዘን ቅርጽ ይጠናቀቃል። የግዕዝ ግን ሃያ ስድስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 182፣ ከነዲቃሎቹ 202 ይሆናሉ፤ አኃዙም ሃያ ምልክት ይጨምራል። «ለ»ን ከ«ላ» የሚለየው የአንድ እግር ማጠር ብቻ ስለሆነ፣ ቀራጩ በጥቂቱ ቢስት ቃሉ ይለወጣል። ከዚህም በላይ ፊደሉን የሚለቅሙት ሠራተኞች ግዕዝ አያነቡም፤ መነኮሳቱም የማተም ሙያ አያውቁም። አባ ተስፋ ጽዮን ይህንኑ ችግር በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ገልጸው፣ እንደ ዕውር እየተመራሩ መሥራታቸውን ተናግረው ስለ ግድፈቱ አንባቢውን ይቅርታ ጠይቀዋል። እኔ ብዙ የሥራ ማጠናቀቂያ ሪፖርት አንብቤአለሁ፤ እንዲህ ቅን የሆነ ግን አላጋጠመኝም።

በእጃቸው የነበረው የግብረ ሐዋርያት ቅጂ ጎደሎ ስለነበረ የጎደለውን ከላቲንና ከግሪክ ተርጉመው ሞሉት። መጽሐፉ በ1548 ወጣ፤ የቀሩት የጳውሎስ መልእክታት በ1549 ተከተሉ። ለማሪያኖ ቪቶሪ ግዕዝ ያስተማሩትም እሳቸው ናቸው፤ በአውሮፓ የመጀመሪያው የግዕዝ ሰዋስው በ1552 በእሱ ስም ታተመ። የሮማው ሐዲስ ኪዳን ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1657 በተፈጸመው የለንደን ባለ ብዙ ቋንቋ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ዳግመኛ ታትሟል። አባ ተስፋ ጽዮን ግን ገና ሳያረጁ በ1550ዎቹ መጀመሪያ ቲቮሊ ላይ ዐረፉ፤ መቃብራቸውም በቅዱስ እስጢፋኖስ ነው።

ኢታሊክ በሞላበት ከተማ ሲሠሩ ፊደላቸውን አላዘመሙትም፤ በብራና ላይ እንደሚጻፈው አቁመው አተሙት። የእኛም ጽሕፈት ቢሆን አንድ መልክ ብቻ ያለው አይደለም፤ የጎንደር ዘመን ጸሐፍት ጉልሕ የሚባለውን ትልቅ አጣጣል ሲያስፋፉ፣ ረቂቅ የሚባለው ቀጭን አጣጣልም ነበር። ለአማርኛ ኢታሊክ የሚያስፈልግ ከሆነ፣ በእኔ አስተያየት መፈለግ ያለበት ከረቂቁና ከደብዳቤ ጸሓፊዎች እጅ እንጂ የቆመውን ፊደል አሥራ ሁለት ዲግሪ ከሚያጋድል ትእዛዝ አይደለም። የአብርሃ ጅራውን ንድፍ በበኩሌ በቆመ ፊደል እንደገና አትሜ ለፎርማኑ ሰጥቻቸዋለሁ።