ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤና የምሳሌ አነጋገር

በአማርኛ ትምህርታችን ብዙዎቻችን በፈተና ሰሞን የምንሸመድደው አንድ ክፍል አለ። ይኸውም ተነጻጻሪ፣ ተለዋጭ፣ ሰውኛ፣ ግነት፣ ምጸት የሚባሉት የአነጋገር ዘይቤዎች ናቸው። ስማቸውንና ትርጓሜያቸውን ጽፈን ነጥባችንን ካገኘን በኋላ እንረሳቸዋለን። እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ለተማሪ ቤታችን የበዓል መጽሔት ጽሑፍ እንድናቀርብ በተጠየቅን ጊዜ፣ ዘይቤዎቹን አንድ በአንድ መቍጠሩን ትተን በእነርሱ የኖሩትን የአንድ ጎጃሜ ሊቅ ታሪክ ልንጽፍ ተስማማን። እኚህም ሰው ባለቅኔው ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው።

ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ከእኛ ከደጋ ዳሞት በስተ ደቡብ በምትገኘው በደብረ ኤልያስ ተወለዱ። ደብረ ኤልያስ እንደ ዋሸራ፣ እንደ ጎንጅና እንደ ዲማ ሁሉ በሊቃውንቷ የታወቀች አገር ናት። እርሳቸውም የቅኔን ትምህርት የተማሩት በዚያው ነው። የቅኔ ቤትን ሥርዓት ለማያውቁ አንባቢዎቻችን ጥቂት እንግለጽ። የቅኔ ተማሪ የሌላውን ድርሰት በቃሉ በመያዝ ብቻ አያልፍም። በየቀኑ ከዛፍ ሥር ወይም ከጥሻ አጠገብ ብቻውን ተቀምጦ የራሱን አዲስ ቅኔ ይቈጥራል፤ ከዚያም በመምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል፤ መምህሩም ያርመዋል። መጀመሪያ ሁለት ቤት ባለው በጉባኤ ቃና ይጀምርና እየበረታ ሲሄድ ስምንት ቤት ካለው ከመወድስ ይደርሳል።

በዚህ ሁሉ የሚፈለገው ሰምና ወርቅ ነው። ስሙ የተገኘው ከአንጥረኛ ሥራ ነው። አንጥረኛው የጌጡን መልክ በሰም ይሠራና በጭቃ ይለብጠዋል፤ ሰሙ በእሳት ቀልጦ ሲወጣ በሰሙ ፈንታ ወርቁ ይፈስበታል። ምሳሌ እንስጥ። አንድ ገበሬ ስለ ጎረቤቱ ጠባይ ቢጠየቅና ዓባይን ካወቅሁት ቆይቻለሁ ብሎ ቢመልስ፣ ሰሙ ጎጃምን የከበበው ወንዝ ነው። ወርቁ ግን ጎረቤቱ ውሸታም መሆኑ ነው፤ አባይ ማለት ሐሰተኛ ማለት ነውና። ጎረቤቱ ተቈጥቶ ዳኛ ቢጠራበትም ገበሬው የተናገርሁት ስለ ወንዙ ነው ብሎ ይድናል። ሁሉ ነገር ግን ወርቅ አለው ማለት አይደለም። የከተማችንን የፈረስ ቤትን ስም የሰማ እንግዳ ጋጣ ፈልጎ ቢመጣ የሚያገኘው እኛን ነው።

ወጣቱ ባለቅኔ ወደ አዲስ አበባ ሄደው በዳግማዊ ምኒልክ ተማሪ ቤት አማርኛ አስተማሩ፤ ኋላም በቅዱስ ጊዮርጊስ ተማሪ ቤት አገለገሉ። በዚያን ጊዜ ቴአትር ለአገራችን እንግዳ ነገር ነበር። ከእርሳቸው በፊት፣ ኋላ በጅሮንድ የተባሉት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም እንስሳት እንደ ሰው የሚነጋገሩበትን ፋቡላ የተባለውን ጨዋታ አቅርበው ነበር። ጨዋታው ሹማምንቱን የሚነካ ሆኖ ስለ ተገኘ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተከለከለ። እንስሳ እንደ ሰው ሲናገር ሰውኛ ዘይቤ ይባላል፤ በእኛ ፈተና የአንድ ነጥብ ጥያቄ ነው። በዚያ አዳራሽ ግን ወርቁን መፍታት የሚችሉ ሰዎች ተቀምጠው ስለ ነበር ነገሩ እንደ ቀልድ አላለፈም።

ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ይህን እያወቁ ቴአትር መድረስ ጀመሩ። ተጫዋቾቹም የሚያስተምሯቸው ተማሪዎች ነበሩ። የድርሰቶቻቸው ርእስ ብቻ እንኳ ትምህርት ነው። የሆድ አምላኩ ቅጣት የሚለውን ብንመለከት፣ ሆዱን የሚያመልክ ሰው በአንድ ተለዋጭ ዘይቤ ተሥሎ እናገኘዋለን።

እኛን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን አንዲቱን ምሳሌ ለሁለት ነገር ማዋላቸው ነው። አርመናዊው ኬቮርክ ናልባንዲያን ዜማውን ለደረሱት ለኢትዮጵያ የሕዝብ መዝሙር ግጥሙን የጻፉት እርሳቸው ናቸው። በዚያ መዝሙር አገር እንደ ሴት ወይዘሮ በአንቺ ትጠራለች፤ ደስ ይበልሽም ትባላለች። አፋጀሽኝ በተባለው ቴአትራቸው ደግሞ አገሪቱ እንደ ገና በሴት ተመስላለች፤ ነገር ግን በዚህኛው ሰዎች የሚፋጁባት ሴት ናት። የቴአትሩ ስም የሴቲቱ ስም ነው። በአገራችን ማንደፍሮን የመሰለ ስም ሙሉ ጥያቄ ይዞ እንደሚዞር ሁሉ ይህም ስም ሙሉ ክስ ይዟል። አፋጀሽ የሚለው ወደ አንቺ ሲያመለክት መጨረሻ ላይ ያለችው አንዲት ፊደል እኔን ታመጣለች። እንግዲህ ሴቲቱን በስሟ የሚጠራ ሰው ሁሉ ሳያስበው ከሳሽዋ ይሆናል፤ ከተፋጁት አንዱ መሆኑንም በገዛ አፉ ይመሰክራል። የአገር ልጆች እርስ በርሳቸው መፋጀታቸውን በግልጽ መናገር ከባድ ነበር። በዚህ ስም ግን ተመልካቹ ራሱ ተናገረው። በእኛ አስተያየት ከመዝሙሩ ይልቅ ይህ ይበልጣል። ይህን ስንል ዜማ የሚወዱ የክፍል ጓደኞቻችን ተቃውመውናል።

በ1928 ዓ.ም. ጣልያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ወደ ሱዳን ተሰደዱ። በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ እርሳቸውም ወደ አገራቸው ገቡ። የዚያ ዘመቻ አንዱ መንገድ በቡሬና በደንበጫ አድርጎ ወደ ደብረ ማርቆስ የሄደው ነበር፤ ሁሉም የእኛው ጎጃም ነው። ከዚያም በኋላ ጥቂት ዓመታት በመንግሥት ሥራ ቆይተው በ1939 ዓ.ም. አረፉ።

የሕዝብ መዝሙሩ ከእርሳቸው ሞት በኋላ እንኳ 28 ዓመት ያህል ሲዘመር ቆይቶ በ1967 ዓ.ም. በሌላ ተለወጠ። ከእኛ ወላጆች ብዙዎቹ አልደረሱበትም፤ አያቶቻችን ግን በተማሪነታቸው ሰንደቅ ዓላማ ሥር ቆመው ዘምረውታል።