ፀሐይን መድኃኒት መሆኗን ያሳዩት ወይዘሪት ሐሪየት ቺክ

እኔ የኮተቤ ልጅ ነኝ። ከእንጦጦ ተራራ የሚወርደው ብርድ ኃይለኛ ስለ ሆነ፥ አያቴን የምንጦራቸው ጋቢ ደርበን፥ በሩን ዘግተን፥ ከምድጃው አጠገብ አስቀምጠን ነበር። ፀሐይ ልሙቅ ብለው ሲነሡም ምች ይመታዎታል ብዬ የምመልሳቸው እኔ ነበርሁ። ባለፈው ዓመት ከደጃፍ አዳልጧቸው ወደቁና የጭናቸው አጥንት ተሰበረ። እኔም አዝኜ ስለ አጥንት የተጻፈ ሳነብ የእኒህን ሴት ታሪክ አገኘሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ወይዘሪት ሐሪየት ቺክ በ1875 በሎንዶን ከዳንቴል ነጋዴ ቤተሰብ ተወለዱ። በሎንዶን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተምረው በ1904 የዶክተርነት ማዕርግ አገኙ። በ1905 ሊስተር ኢንስቲትዩት ወደሚባለው የምርምር ቤት ለመግባት ባመለከቱ ጊዜ፥ ሴት ናቸው ብለው የተቃወሟቸው ነበሩ፤ ሆኖም ገብተው አርባ ዓመት ያህል አገለገሉ።

ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ የቪየና ሕዝብ በረሀብ ተጎድቶ ሳለ፥ በ1919 ከሌሎች ሴቶች ሊቃውንት ጋር ወደዚያ ሄዱ። በዚያ ከተማ ሪኬትስ የሚባለው በሽታ የብዙ ሕፃናትን እግር ያጎብጥ ነበር። የሆስፒታሉ ታላቅ ሐኪም ደዌው ከተላላፊ በሽታ የሚመጣ ይመስላቸው ነበር። ወይዘሪት ቺክ ግን ለአንዳንዶቹ ልጆች የዓሣ ጉበት ዘይት ሰጡ፤ ለሌሎቹ የተለመደውን ምግብ ብቻ ሰጡ። በብርዱ ወራት ዘይት ካልተሰጣቸው ብዙዎቹ ታመሙ፤ የተሰጣቸው ግን ደኅና ሆኑ። በበጋ ደግሞ የታመሙት ያለ ዘይት ፀሐይ በመሞቅ ብቻ ዳኑ። በዚህም ዘይቱና ፀሐይ አንድ ሥራ እንደሚሠሩ ተረጋገጠ፤ ምሥጢሩም ዛሬ ቪታሚን ዲ የምንለው ነው።

የፀሐይ ብርሃን ገላችንን ሲነካ ሰውነታችን ራሱ ቪታሚን ዲ ይሠራል፤ እርሱም ካልሲየም ከምግብ ወደ ደማችን እንዲገባ እየረዳ አጥንትን ያጠነክራል። ሰው ሲያረጅ ግን የቆዳው ኃይል ይቀንሳል፤ ከቤትም መውጣት ያበዛው የነበረ ሰው ይቀመጣል። ስለዚህ ፀሐይ ለሕፃን ብቻ ሳይሆን ለአረጋዊም ታስፈልጋለች። በመስኮት መስተዋት የሚገባው ብርሃን ግን ለዚህ አይረዳም። እንክብሉም ቢሆን ለሁሉ አይደለም፤ በ2022 በአሜሪካ የወጣ ትልቅ ጥናት በደኅና ሰዎች ላይ የአጥንት ስብራትን እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ስለዚህ የሚወሰደው በሐኪም ምክር ነው።

ወይዘሪት ቺክ በ1956፥ በ81 ዓመታቸው፥ የእንግሊዝ የሥነ ምግብ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ1977 በ102 ዓመታቸው ዐረፉ።

አያቴ ዛሬ በምርኩዝ ይሄዳሉ። ጥዋት በሦስት ሰዓት በርጩማቸውን ከደጅ አወጣላቸዋለሁ፤ ክንዳቸውን ገልጠው ይሞቃሉ። ጓደኞቼ ሆይ፥ ሽማግሌን መጦር በር ዘግቶ ማስቀመጥ አይደለምና፥ እናንተም እጃቸውን ይዛችሁ ወደ ደጅ አውጧቸው።