አቡነ ያዕቆብ፤ ከጸሎት የፈለቀ አገልግሎት

በየዓመቱ በሐምሌ ወር የአቡነ ያዕቆብን መታሰቢያ ስናከብር አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው የሠሩትን ሥራ ነው፤ የመሠረቱትን ዘርዐ ክህነት፣ የሾሟቸውን ካህናት፣ የተቀበሉትን እስራትና ስደት። መነሣቱ ተገቢ ነው። በዚህ እትም ግን ከሥራው በስተጀርባ የነበረውን፣ በችኮላ የምናልፈውን፣ ይኸውም ከእግዚአብሔር ጋር የነበራቸውን ቅርበት ልንመለከት ወደድን። በጽሑፉ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ቅዱስ ዮስጢኖስ ዴ ያቆቢስ፣ በሀገራችን አጠራር አቡነ ያዕቆብ፣ በ1800 ዓ.ም. በደቡብ ኢጣሊያ ሳን ፌሌ በተባለች ተራራማ መንደር ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ከአሥራ አራት ልጆች ሰባተኛው ነበሩ። ቤተ ሰቡ ወደ ናፖሊ ከተዛወረ በኋላ፣ በ1818 ዓ.ም. ቅዱስ ቪንሴንት ደ ፖል ወደ መሠረቱት የላዛሪስት ማኅበር ገቡ፤ በ1824 ዓ.ም. ደግሞ በብሪንዲዚ ከተማ ማዕርገ ክህነትን ተቀበሉ።

ማኅበሩ ለድሆች ወንጌልን ለመስበክ የተቋቋመ ሲሆን፣ አባላቱ በየቀኑ አንድ ሰዓት በጸጥታ በተመስጦ ጸሎት እንዲያሳልፉ በደንቡ ታዝዟል። ቅዱስ ቪንሴንት ይህን ያዘዙት ሥራ ለሌላቸው መነኮሳት ሳይሆን፣ ከመንደር መንደር ለሚንከራተቱ ሰባኪዎች መሆኑን ልናስተውል ይገባል። በጸሎት ላይ ሳሉ ድሃ ቢጠራቸው ተነሥተው እንዲሄዱ፣ ይህም እግዚአብሔርን መተው እንዳልሆነ ያስተማሩትም እኚሁ አባት ናቸው። ወጣቱ ካህን በዚህ ትምህርት ተቀረጹ። በ1836 እና በ1837 ዓ.ም. የኮሌራ ወረርሽኝ ናፖሊን ባጠቃ ጊዜ ብዙዎች ከሕሙማን ሲሸሹ፣ እርሳቸው በሽተኞችን ሲረዱና ሲያጽናኑ ታዩ።

በ1839 ዓ.ም. ቅድስት መንበር ለኢትዮጵያ ሚሲዮን ኃላፊ አድርጋ ላከቻቸው። በዚያው ዓመት በምፅዋ በኩል ገብተው ዐድዋ ደረሱ። ያገኙት ግን ክፍት በር አልነበረም። ካቶሊካዊ ካህን በዚያን ጊዜ በሕዝቡ ዘንድ በጥርጣሬ የሚታይ እንግዳ ነበር፤ ባለፉት ዘመናት ከፖርቱጋላውያን ኢየሱሳውያን ጋር የተነሣው ጠብ ያስከተለው ደም መፋሰስ ገና አልተረሳም። ታዲያ አባ ያዕቆብ ምን አደረጉ? ክርክር አላነሡም፤ ስብከትም አልጀመሩም። የመጀመሪያዎቹን ወራት በብዛት በጸሎትና በቋንቋ ጥናት አሳለፉ። የሀገሩን መነኮሳት ልብስ ለበሱ፤ ሕዝቡ የሚበላውን በሉ።

በ1840 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ለጥቂት ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲናገሩም፣ ሊያሸንፏቸው እንዳልመጡ፣ ወላጆቻቸውንና ሀገራቸውን የተዉት ስለ እነርሱ ፍቅር እንደሆነ፣ ከእንግዲህም ሕይወታቸው የእነርሱ እንደሆነ ገለጡላቸው። እኛ እንደምናምነው፣ እንዲህ ያለ ንግግር ከብዙ ዝምታ በኋላ ካልሆነ በቀር አይወጣም። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የመጽሐፍና የመማሪያ ዕቃ እጥረት ሲያስቸግራቸው እናውቃለን፤ ችግሩም እውነተኛ ነው። ሆኖም አባ ያዕቆብ በዐድዋ ከነበራቸው ነገር ሁሉ ለሥራቸው የበለጠ የጠቀማቸው እነዚያ የዝምታ ወራት ይመስሉናል።

በ1841 ዓ.ም. የገጠማቸው ጉዳይ ከሕይወታቸው ምዕራፎች ሁሉ ይልቅ ያሳስበናል። የትግራይና የስሜን ገዥ ደጃዝማች ውቤ፣ እንደ ጥንቱ ልማድ ከእስክንድርያ መንበር ጳጳስ ለማምጣት መልእክተኞችን ወደ ካይሮ ሲልኩ፣ አባ ያዕቆብ አብረው እንዲሄዱ ለመኗቸው። አንድ ካቶሊካዊ ካህን ለኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ፍለጋ አብሮ ይሂድ? አባ ያዕቆብ ከብዙ ማሰብ በኋላ፣ መልእክተኞቹ ሮምንም እንዲጎበኙ ተስማምተው ሄዱ። በካይሮ የነበሩት ፓትርያርክ በዚህ ደስ አልተሰኙም። አቡነ ሰላማ ተብለው የተሾሙትም ገና ወጣት ነበሩ። ከመልእክተኞቹ ከፊሎቹ ከአባ ያዕቆብ ጋር ወደ ሮም ተሻግረው በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ ፊት ቀረቡ፤ ቅድስት ሀገር ኢየሩሳሌምንም ተሳለሙ።

የዚህ ጉዞ ፍሬ ሁለት ዐይነት ሆነ። አባ ያዕቆብ አብረው የሄዱለት ጳጳስ ኋላ የካቶሊኮች ብርቱ ተቃዋሚ ሆኑ። በሌላ በኩል ከመልእክተኞቹ አንዱ የጎጃሙ ሊቅ አባ ገብረ ሚካኤል ነበሩ። እኚህ መነኩሴ በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸውን ያጡ፣ የእውነትን ትምህርት ፍለጋ ከገዳም ወደ ገዳም የተጓዙ ሰው ነበሩ። በጉዞው ላይ አባ ያዕቆብን በቅርብ ተመለከቱ፤ ከብዙ ምርምር በኋላም በ1844 ዓ.ም. ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ገቡ። ጉዞው ስሕተት ነበር የሚሉ አሉ። እኛ ግን በዚያ ጉዞ አባ ያዕቆብ ለወንድሞቻቸው ያደረጉት አገልግሎት ከልብ የመነጨ እንደ ነበር፣ መልካም ምላሽ ባለማግኘቱም ዋጋውን እንዳላጣ እናምናለን።

ከዚያ በኋላ በዐዲግራት አቅራቢያ በጓላ ዘርዐ ክህነት አቋቋሙ። ከአባ ገብረ ሚካኤልም ጋር የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ በአማርኛ አዘጋጁ፤ የዛሬዎቹ መምህራን የሥራ አባቶቻችሁን ከፈለጋችሁ እነዚህን ሁለቱን አስቡ። አባ ያዕቆብ የሀገሩ ልጆች በላቲን ሥርዓት ሳይሆን በግዕዝ ሥርዓት እንዲያመልኩ መፍቀዳቸው በዘመኑ ቀላል ነገር አልነበረም። ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ፣ የዐድዋው አባ ተክለ ሃይማኖት፣ የመምህራቸውን ሕይወት በጽሑፍ አቆይተውልናል።

በ1847 ዓ.ም. ለጵጵስና ሲመረጡ፣ አይገባኝም በማለት ለረጅም ጊዜ እንቢ አሉ። በመጨረሻ በ1849 ዓ.ም. መጀመሪያ ለኦሮሞ ሕዝብ የተላኩት ካፑቺናዊው አቡነ ማሳያ በምፅዋ በድብቅ ቀቧቸው። ካቴድራልም ሆነ አጃቢ ሕዝብ አልነበረም። ጳጳስ ከሆኑም በኋላ አኗኗራቸው አልተለወጠም።

በ1854 ዓ.ም. ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት ደጃዝማች ካሣ በጎንደር ሳሉ፣ በአቡነ ሰላማ ግፊት አቡነ ያዕቆብና አባ ገብረ ሚካኤል ከሌሎች ጋር ታሰሩ። ዘመኑ የጥርጣሬ ዘመን ነበር፤ ዛሬ ከኦርቶዶክስ ወንድሞቻችን ጋር አብረን ስንቀመጥ ይህን የምናነሣው ቁስል ለመቀስቀስ አይደለም። አቡነ ያዕቆብ ከወራት እስር በኋላ በጠባቂዎች ወደ ድንበር ተሰደዱ። አባ ገብረ ሚካኤል ግን በሰንሰለት እንደ ታሰሩ እየተጎተቱ በ1855 ዓ.ም. በነሐሴ ወር ዐረፉ። በ1926 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያን ብፁዕ ብላ ሰማዕትነታቸውን አወጀች።

አንድ አባት የወለዱትን መንፈሳዊ ልጅ በሰንሰለት ትተው፣ እርሳቸው በሕይወት ሲሰደዱ ምን እንደሚሰማቸው መገመት አያስቸግርም። ወደ ኢጣሊያ የመመለስ መንገድ ክፍት ነበር፤ ምፅዋ ላይ መርከብ አይጠፋም። አቡነ ያዕቆብ ግን የቀሩትን መንጋ ሊጠብቁ ወደ ሐላይ ተመለሱ። ሥራው በሰው ዓይን ፈርሶ ሳለ አገልግሎታቸው እንዳልቆመ እናያለን። ከጧት እስከ ማታ የሚሠራ ሰው ሥራው ሲበተን አብሮ ይበተናል። አቡነ ያዕቆብን ያቆማቸው ግን ሥራው አልነበረም፤ ከናፖሊ ጀምሮ ያልተቋረጠው የማለዳ ሰዓት ነበር።

በ1860 ዓ.ም. ሐምሌ ወር፣ በምፅዋ አቅራቢያ በምትገኘው እምኩሉ ሳሉ ትኩሳት ያዛቸው። ቆላው እየጸናባቸው ስለ ሄደ፣ ደጋ ወደሆነው ወደ ሐላይ ለመውጣት ከደቀ መዛሙርታቸው ጋር ተነሡ። በሦስተኛው ቀን፣ ጁላይ 31፣ በዓሊጌዴ ሸለቆ ጉዞው ከአቅማቸው በላይ ሆነ። በበረሃው መካከል ከመሬት ላይ ተጋደሙ፤ ራሳቸውንም ድንጋይ ላይ አሳረፉ። ምሥጢረ ቀንዲልን ተቀበሉ፤ ልጆቻቸውን ሰብስበው መከሯቸው፤ ስለ በደሏቸው ሁሉ ይቅርታ ለመኗቸው፤ ባረኳቸውም። ከዚያም ፊታቸውን በለበሱት ሸማ ሸፍነው ዝም አሉ፤ ከቀትር በኋላ ነፍሳቸውን ለፈጣሪያቸው ሰጡ።

ደቀ መዛሙርቱ አስከሬናቸውን ተሸክመው ዳገቱን ወጡ፤ በሄቦም ቀበሯቸው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ በ1975 ዓ.ም. በሮም ቅድስናቸውን ባወጁ ጊዜ፣ የሄቦ ምእመናን አባታችን ብለው በመቃብራቸው ላይ መጸለይ ከጀመሩ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏቸው ነበር።