የአፈሩ ተመራማሪ ሰልማን ዋክስማንና የቲቢ መድኃኒት

በመንዝና በግሼ ደጋ፣ እንደ ሌላው የአገራችን ክፍል ሁሉ፣ ዝናብ በደረቅ ማሳ ላይ ሲወርድ የሚነሳው የአፈር ሽታ በአብዛኛው ስትሬፕቶማይሲስ የተባሉ ባክቴሪያዎች ከሚያመነጩት ጂኦስሚን ከሚባል ንጥረ ነገር የሚመጣ ነው። እነዚህን ጥቃቅን ፍጥረታት ዕድሜ ልካቸውን ካጠኑት ሊቃውንት መካከል ዶክተር ሰልማን ዋክስማን በቀዳሚነት ይጠቀሳሉ።

ዋክስማን እ.ኤ.አ. በ1888 በዩክሬን ተወለዱ። በዘመኑ የሩሲያ ዩኒቨርሲቲዎች በር ለአይሁዳውያን ጠባብ ስለነበር በ1910 ወደ አሜሪካ ተሰደው በኒው ጀርሲ በሚገኘው ሩትገርስ ኮሌጅ ግብርና አጠኑ። በ1918 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ካገኙ በኋላ ወደ ሩትገርስ ተመልሰው የሥራ ዘመናቸውን በዚያ አሳለፉ።

የመረጡት መስክ በጊዜው ብዙ ተመልካች አልነበረውም። አክቲኖማይሲት የሚባሉት እነዚህ ባክቴሪያዎች እንደ ሻጋታ ቅርንጫፍ እያወጡ የሚንሰራፉ ቀጫጭን ክሮች በመሆናቸው፣ ከሻጋታ ወገን ናቸው ወይስ ከባክቴሪያ የሚለው ጥያቄ ሊቃውንቱን ለረጅም ጊዜ አከራክሯል። ክሮቹ ገለባን፣ የሞተ ሥርንና የነፍሳትን ቅርፊት እያፈራረሱ ይመገባሉ። ምግቡ ሲያልቅ ወደ ላይ ያደጉት ክሮች ተከፋፍለው እንደ ዶቃ የተደረደሩ ስፖሮች ይሆናሉ። ስፖር ድርቅን ችሎ የሚቆይ፣ እርጥበትና ምግብ ሲያገኝ የሚበቅል ዘር መሰል ቅንጣት ነው። ስትሬፕቶማይሲስ የሚለውን የወገን ስም ዋክስማን ከአርተር ሄንሪሲ ጋር በመሆን ያወጡት በ1943 ነበር።

ከ1939 ጀምሮ ዋክስማን የአፈር ሕዋሳት ተፎካካሪዎቻቸውን ለመግታት የሚያመነጯቸው ኬሚካሎች ለሕክምና ይውሉ እንደሆነ በስፋት መመርመር ጀመሩ። በጥቅምት 1943 የ23 ዓመቱ ተማሪያቸው አልበርት ሻትስ ስትሬፕቶማይሲንን የሚያመነጩ ሁለት ዝርያዎችን ለየ፤ አንደኛው በፍግ በዳበረ ማሳ አፈር፣ ሁለተኛው በዶሮ ጉሮሮ የተገኙ ነበሩ። ፍጉ ኩበት ሆኖ በምድጃ ለሚነድበት የመንዝ ገበሬ ይህ ዝርዝር ትርጉም ሳይኖረው አይቀርም።

ስትሬፕቶማይሲን ቲቢን ለመፈወስ የበቃ የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ ሆነ። ይሁን እንጂ ብቻውን ሲሰጥ የበሽታው ባክቴሪያ በወራት ውስጥ ይላመደው ስለነበር ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር መሰጠት ግድ ሆነ፤ የመስማት ችሎታንም ሊጎዳ ይችላል። በአገራችንም ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር በመርፌ እየተሰጠ የቲቢ ሕሙማንን ለዓመታት አገልግሏል።

የዋክስማን ታሪክ ሲነገር ሊታለፍ የማይገባው ከተማሪያቸው ጋር የገጠማቸው ክርክር ነው። ሁለቱም የፈጠራ መብታቸውን ለሩትገርስ ተቋም አስተላልፈው ሳለ፣ ዋክስማን ከገቢው ድርሻ እንደሚቀበሉ ሻትስ ዘግይቶ በመስማቱ በ1950 ክስ መሠረተ። ጉዳዩ በዚያው ዓመት በስምምነት ሲያልቅ ሻትስ የግኝቱ ተካፋይ መሆኑ በሕግ ተረጋገጠለት፤ ከገቢውም 3 በመቶ ተወሰነለት። የዋክስማን ድርሻ 10 በመቶ ነበር። በ1952 ግን የኖቤል ሽልማት የተሰጠው ለዋክስማን ብቻ ነው። ላቦራቶሪውን ያደራጁትና ጥናቱን የመሩት እርሳቸው መሆናቸው አያከራክርም፤ የተማሪውን ድርሻ ማሳነሳቸው ግን በስማቸው ላይ ጥላ ጥሎ አልፏል።

ከመድኃኒቱ በተገኘው ገቢ በሩትገርስ የተቋቋመው የማይክሮባዮሎጂ ኢንስቲትዩት በ1954 ሥራ የጀመረ ሲሆን በኋላ በስማቸው ተሰይሟል። ዋክስማን በነሐሴ 1973 በ85 ዓመታቸው አረፉ። ሩትገርስ ለሻትስ ከፍተኛ ሜዳሊያውን የሸለመው ከዚያ 21 ዓመት ቆይቶ፣ በ1994 ነበር።