ከእንጆሪ መደብ እስከ ፊደል ቅርጽ፤ የንድፍ ባለሙያው ዊልያም ሞሪስ

የግራፊክስ ዲዛይን ሙያ ሲነሳ ዛሬ በብዙዎች አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው ኮምፒዩተር ነው። በየመሥሪያ ቤቱ የሚዘጋጁ መጽሔቶች፣ ፖስተሮችና የጥሪ ካርዶች አስቀድመው በተሰናዱ ቅርጾችና በወቅቱ ፋሽን ላይ ተመሥርተው ስለሚሠሩ አንዱን ከሌላው ለመለየት የሚያስቸግርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ኮምፒዩተር ከመፈልሰፉ ብዙ አሥርተ ዓመታት አስቀድሞ በእንግሊዝ አገር የኖረው ዊልያም ሞሪስም በዘመኑ ተመሳሳይ ሁኔታ ገጥሞት ነበር። በእንፋሎት ኃይል የሚንቀሳቀሱ ማሽኖች የግድግዳ ወረቀቱን፣ ጨርቁንና መጽሐፉን በብዛትና በርካሽ ያመርታሉ፤ ንድፉ ግን ገበያው ከወደደው ላይ እየተገለበጠ የሚዘጋጅ ነበር። ሞሪስ ለሥራው የሚሆነውን ሐሳብ ከገበያው ሳይሆን ከአትክልት ስፍራ፣ ከቀለም መንከሪያ ጋንና አራት መቶ ዓመት ካስቆጠሩ መጻሕፍት ለማግኘት ጥሯል።

ሞሪስ የተወለደው ማርች 24 ቀን 1834 ለንደን አጠገብ በምትገኘው ዋልተምስቶው ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ በለንደን የገንዘብ ገበያ የሚሠሩ ደላላ ሲሆኑ፣ በአንድ የመዳብ ማዕድን ኩባንያ ውስጥ የነበራቸው አክሲዮን ቤተሰቡን ባለጸጋ አድርጎታል። ልጁ ያደገው በኤፒንግ ደን አቅራቢያ በመሆኑ ዕፅዋትንና አዕዋፍን በስማቸው ለይቶ ማወቅ የጀመረው ገና በለጋ ዕድሜው ነው። በ1853 ካህን ለመሆን አስቦ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በዚያም የዕድሜ ልክ ወዳጁ ከሆነው ከኤድዋርድ በርን ጆንስ ጋር ተዋወቀ። በ1855 የበጋ ወራት ሁለቱ ወጣቶች የሰሜን ፈረንሳይን ጥንታዊ ካቴድራሎች ተዘዋውረው ከጎበኙ በኋላ የክህነቱን ሐሳብ ትተው በጥበብ ሙያ ለመሰማራት ወሰኑ። ሞሪስ በአንድ አርክቴክት ቢሮ አንድ ዓመት ያህል እንኳ ሳይቆይ ሥዕል ሞከረ፤ ሥዕሉም እንዳሰበው አልሆነለትም።

መንገዱን ያገኘው ቤት ሲሠራ ነው። በ1859 ጄን በርደንን ካገባ በኋላ ወዳጁ አርክቴክት ፊሊፕ ዌብ በኬንት ግዛት በጡቡ ቀለም ምክንያት ቀዩ ቤት የተባለውን መኖሪያ ነደፈለት። ቤቱ ተጠናቆ ዕቃ ለማስገባት ሲታሰብ ግን ከለንደን መደብሮች የሚወደድ ወንበር፣ መጋረጃም ሆነ የግድግዳ ወረቀት ሊገኝ አልቻለም። ባልና ሚስቱ ከወዳጆቻቸው ጋር ሆነው ግድግዳውን ቀቡ፣ መጋረጃውን ጠለፉ። ጥልፉን ለመማር ሞሪስ አሮጌ የጥልፍ ሥራዎችን ክር በክር ይተረትር ነበር። ከዚህ ሥራ በ1861 የቤት ማስጌጫ ዕቃዎችን የሚያመርት ድርጅት ተወለደ።

በ1862 የነደፈው የመጀመሪያው የግድግዳ ወረቀት ትሬሊስ ይባላል። መነሻው በዚያው ቤት የአትክልት ስፍራ በእንጨት ርብራብ ላይ ተጠምጥመው የሚያድጉት ጽጌረዳዎች ናቸው። ወፎቹን መሳል ስላልሆነለት ያን ያደረገለት ዌብ ነው። በዘመኑ የነበሩ የግድግዳ ወረቀቶች በብዛት ከሩቅ አገር የመጡ የሚመስሉ የደመቁ አበቦችን ሲያሳዩ፣ ሞሪስ ግን ዴዚን፣ አኻያንና የሜዳ አበቦችን ይመርጥ ነበር። ተክሉን እንዳለ መገልበጥ ግን ዓላማው አልነበረም። ግንዱ ከየት እንደሚነሳ፣ ቅርንጫፉ እንዴት እንደሚታጠፍ፣ ቅጠሉ በየትኛው ጎን እንደሚወጣ ካጠና በኋላ ያንኑ የዕድገት ሥርዓት ወደ ጥለት ይለውጠዋል። በ1887 የተሠራው የአኻያ ቅርንጫፍ ጥለት በቴምስ ወንዝ የላይኛው ተፋሰስ ኬልምስኮት በተባለች መንደር ከነበረው የገጠር ቤቱ አካባቢ፣ ከወንዙ ዳር ከበቀሉ ዛፎች የተወሰደ ነው።

ጥለት በወረቀት ላይ ማማሩ ብቻ ግን አላረካውም። በ1856 ዊልያም ፐርኪን የተባለ ወጣት ኬሚስት በለንደን ከድንጋይ ከሰል ተረፈ ምርት ሐምራዊ ቀለም ካገኘ ወዲህ ሰው ሠራሽ ማቅለሚያዎች ገበያውን አጥለቅልቀውት ነበር። ፋሽኑም ከእነርሱ ጋር ይሮጥ ነበር። ሞሪስ እነዚህ ቀለሞች ዓይን የሚወጉ፣ ሲደበዝዙም የሚያስቀይሙ ናቸው ብሎ ስላመነ ወደ ዕፅዋት ቀለም ፊቱን መለሰ። ችግሩ ሙያው እየጠፋ መሆኑ ነበር። የጥንት ሮማውያንን ጽሑፎች፣ የቆዩ የፈረንሳይ የማቅለሚያ መመሪያዎችንና በ1597 የታተመውን የጆን ጄራርድን የዕፅዋት መጽሐፍ አገላበጠ። ከ1875 ጀምሮ ሊክ ወደተባለችው ከተማ እየተመላለሰ በባለ ማቅለሚያው ቶማስ ዋርድል ፋብሪካ ውስጥ ከሠራተኞቹ ጋር ጋን ላይ ቆመ። ለሰማያዊው ኢንዲጎ፣ ለቀዩ የማደር ሥር፣ ለቢጫው ዌልድ የተባለ ተክል፣ ለቡናማው የዋልነት ሥር ነበር የሚጠቀመው። በዚያ ወቅት ክንዱና እጁ በኢንዲጎ ተነክሮ ሰማያዊ ሆኖ መታየቱ የተለመደ ነበር።

ኢንዲጎ በተለይ ፈታኝ ነው። ጨርቁ ከጋኑ ሲወጣ አረንጓዴ መስሎ ይታያል፤ ወደ ሰማያዊነት የሚለወጠው አየር ሲያገኘው ነው። የጋኑ ሙቀትና ፍላት ጥቂት ከተዛባ ነከራው ይበላሻል። ሞሪስ የፈለገው ደግሞ ጨርቁን በሙሉ ሰማያዊ ነክሮ፣ ጥለቱ የሚያርፍበትን ቦታ በእንጨት ማኅተም እያነጡ ሌሎች ቀለሞችን ማስገባት ሲሆን፣ ይህ ዘዴ በወጉ የተሳካለት በ1881 በዋንድል ወንዝ ዳር መርተን አቢ ላይ የራሱን ማምረቻ ካቋቋመ በኋላ ነው። በ1883 የወጣው የእንጆሪ ሌባ የተሰኘው ጨርቅ የዚህ ድካም ውጤት ነው። በጨርቁ ላይ የሚታዩት ወፎች በኬልምስኮት የአትክልት ስፍራ መረቡን እያለፉ እንጆሪ የሚሰርቁ ትረሽ የተባሉ ዘማሪ ወፎች ናቸው። አንድን ጨርቅ ለማዳረስ በርካታ ቀናት ስለሚወስድ ከድርጅቱ ጨርቆች ውድ ከሚባሉት አንዱ ነበር፤ ይሁንና ገዢ አላጣም።

ሞሪስ በእጁ ሠርቶ ያላየውን ሥራ መንደፍ አይወድም ነበር። በ1879 ሥዕላዊ ሽመናን ለመማር የሽመና መሣሪያ በመኝታ ክፍሉ ውስጥ አስተከለ። ማለዳ እየተነሳ የመጀመሪያውን ሥራውን ለመጨረስ 516 ሰዓት እንደፈጀበት በማስታወሻው መዝግቧል። ከዚህ ጎን ለጎን ዛሬ የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም በሚባለው የሳውዝ ኬንሲንግተን ሙዚየም የቆዩ ጨርቆችንና ምንጣፎችን ሲመረምር ይውል ነበር። ሙዚየሙ በ1893 ታዋቂውን የፋርስ የአርደቢል ምንጣፍ በ2 ሺህ ፓውንድ የገዛውም በእርሱ ምክር ነው።

በዚህ ሕይወት ውስጥ ያልታረቁ ነገሮችም ነበሩ። ከ1883 ጀምሮ በሶሻሊስት ንቅናቄ ውስጥ ገብቶ በየአደባባዩ ስለ ሠራተኛው መብት የሚሰብከው ሰው የሚያመርታቸው ዕቃዎች ሠራተኛው ሊገዛቸው የማይችላቸው ነበሩ። ይህን ራሱም ያውቀው ነበር፤ መፍትሔ ግን አላገኘለትም። የተፈጥሮ ቀለም ጠበቃ ቢሆንም የድርጅቱ የመጀመሪያዎቹ የግድግዳ ወረቀቶች አረንጓዴ ቀለም አርሰኒክ ነበረበት። ቤተሰቡ ባለአክሲዮን የሆነበትና እርሱም እስከ 1875 በዳይሬክተርነት የተቀመጠበት የማዕድን ኩባንያ ደግሞ ከዋነኞቹ የአርሰኒክ አምራቾች አንዱ ነበር። ድርጅቱ በኋላ መርዛማውን ቀለም ቢተወውም ሞሪስ የሐኪሞቹን ስጋት በቁም ነገር አልተቀበለውም።

ለዛሬው የግራፊክስ ባለሙያ ይበልጥ የሚቀርበው የሞሪስ ሥራ የተጀመረው ዕድሜው ሃምሳውን ካለፈ በኋላ ነው። በኖቬምበር 1888 ጎረቤቱና ወዳጁ ኤመሪ ዎከር በለንደን ስለ ኅትመት ትምህርታዊ ንግግር ሲያደርግ የ15ኛው ክፍለ ዘመን መጻሕፍትን ገጾች በፎቶግራፍ አጉልቶ በመጋረጃ ላይ አሳየ። በትንሽ ገጽ ላይ የማይታየው የፊደል ቅርጽ በግድግዳ ላይ ጎልቶ ሲታይ ሞሪስ የራሱን ፊደል ለመሥራት ወሰነ። በቬኒስ ይሠራ የነበረው ኒኮላስ ጄንሰን በ1470ዎቹ ያሳተማቸውን ገጾች ዎከር በፎቶግራፍ አተለቀለት። ሞሪስ በእነዚህ ላይ ደጋግሞ ሣለ። እጁ የፊደሉን አወራረድ፣ ውፍረትና ሚዛን ከለመደ በኋላ ፎቶግራፉን ወደ ጎን አድርጎ የራሱን ፊደል ነደፈ። ጎልደን የተባለው ፊደል በዚህ አኳኋን ተወለደ። የማሽን ጠላት ተደርጎ በተደጋጋሚ የሚነገርለት ሰው በዘመኑ አዲስ የነበረውን የፎቶግራፍ ቴክኖሎጂ ያለማመንታት መጠቀሙ ልብ ሊባል ይገባል። ፎቶግራፉ ዓይኑን አሠለጠነለት እንጂ ንድፉን አልሠራለትም።

በጃንዋሪ 1891 ሐመርስሚዝ በሚገኘው መኖሪያው አቅራቢያ በተከራየው ጎጆ የኬልምስኮት ማተሚያ ቤት ሥራ ጀመረ። ወረቀቱ የ15ኛው ክፍለ ዘመን የቦሎኛ ወረቀት በናሙናነት ተወስዶ ከንጹሕ የተልባ እግር ጨርቅ በእጅ የሚሠራ ነበር። ቀለሙ ከጀርመን ሐኖቨር ይመጣል፤ ውፍረቱም አታሚዎቹን እስኪያማርር ያደክም ነበር። ለኢትዮጵያውያን አንባብያን እንግዳ ያልሆነው ብራና ለተመረጡ ቅጂዎች ሲፈለግ በመጀመሪያ ከሮም ይገዛ ነበር። የሮሙ ምርት በቫቲካን የተያዘ ሆኖ በመገኘቱ ግን ለንደን አጠገብ ብሬንትፎርድ ውስጥ የሚያዘጋጅ ባለሙያ ተፈለገ። ሞሪስ ከቆዩት መጻሕፍት የተማረው ሌላው ቁም ነገር የገጽ አቀማመጥ ነው። አንድ ገጽ ለብቻው ሳይሆን ፊት ለፊት የሚታዩት ሁለቱ ገጾች እንደ አንድ መታየት እንዳለባቸው፣ የውስጡ ኅዳግ ጠባብ፣ የላይኛው ከእርሱ ሰፋ ያለ፣ የውጪው ደግሞ ይበልጥ የሰፋ፣ የግርጌው ከሁሉም ሰፊ ሊሆን እንደሚገባ አስተማረ። ይህ ሥርዓት ዛሬም በመጽሐፍ ንድፍ ትምህርት ይጠቀሳል።

ከማተሚያ ቤቱ ሥራዎች ሁሉ ትልቁ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የእንግሊዛዊው ባለቅኔ ጄፍሪ ቾሰር ሥራዎች ስብስብ ነው። በርን ጆንስ 87 ሥዕሎችን አዘጋጀ፤ ሞሪስ የገጽ ጠርዞቹንና የመነሻ ፊደሎቹን ሐረግ ነደፈ። ኅትመቱ በኦገስት 1894 ሲጀመር ሞሪስ ጤንነቱ መታወክ ጀምሮ ነበር። የስኳር በሽታና ሌሎች ሕመሞች እየበረቱበት ሲሄዱ ሥራው ከሕይወቱ ጋር ሽቅድምድም የያዘ መሰለ። ወዳጆቹም መጽሐፉ ሳይደርስለት እንዳይቀር ይሰጉ ነበር። 425 የወረቀትና 13 የብራና ቅጂዎች በእጅ ማተሚያ ታትመው በሜይ 1896 ተጠናቀቁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥራዞች በጁን 2 ቀን ለእርሱና ለበርን ጆንስ ተሰጡ። ሞሪስ አራት ወር ቆይቶ ኦክቶበር 3 ቀን 1896 በ62 ዓመቱ አረፈ። አስከሬኑ በኬልምስኮት መንደር በአኻያ ቅርንጫፎች በተሸለመ የገበሬ ጋሪ ተጭኖ በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ተቀበረ።

ማተሚያ ቤቱ በእጁ የነበሩትን ሥራዎች አጠናቆ በ1898 ሲዘጋ ያሳተማቸው መጻሕፍት ብዛት 53 ደርሶ ነበር። በዚያን ጊዜ የሞሪስ ጠርዞችና ሐረጎች ራሳቸው ፋሽን ሆነው በተለይ በአሜሪካ በየማስታወቂያውና በየመጽሐፉ ላይ እየተገለበጡ ይወጡ ነበር። ሞሪስ ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ጉዳዩ ሲነሳ የተስማማበት እርምጃ በአደራ ጠባቂዎቹ ተፈጸመ። የእንጨት ማኅተሞቹ በሙሉ ለብሪቲሽ ሙዚየም የተሰጡት ለአንድ መቶ ዓመት እንዳይታተምባቸውና እንዳይባዙ በሚል ግዴታ ሲሆን፣ ከእነርሱ የተቀዱት የብረት ቅጂዎች ደግሞ እንዲወድሙ ተደርጓል።