ከወንዝ ዳር እስከ ቤተ ሙከራ፦ አክሊሉ ለማና የሕክምና ምርምር አቅም ግንባታ በኢትዮጵያ

ከሆለታ ወደ ሙገር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው የእንጭኒና የአካባቢዋ ደጋ ነዋሪ እንዶድን በሚገባ ያውቃል። በአፋን ኦሮሞ ሀንዶዴ የሚባለው ይህ ሐረግ መሰል ቁጥቋጦ በአጥር ጥግና በገደል አፋፍ ይበቅላል፤ ፍሬው ደርቆና ተወቅጦ ልብስ ይታጠብበታል፤ ለከብት አልቅትና ለሰው ኮሶም መድኃኒት ሆኖ ኖሯል። ሳሙና በየሱቁ ከተስፋፋ ወዲህ አገልግሎቱ ቢቀንስም ስሙ አልተረሳም። ከምዕራብ ሸዋ ደጋ ለሚመጣ የድኅረ ምረቃ ተማሪም የፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ሕይወት ከደጃፉ የሚያውቀው ተክል ታሪክ ነው። ይሁን እንጂ ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው በግማሹ ነው። በወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ያስተዋሉት ወጣት ሳይንቲስት ይወሳሉ፤ ያስተዋሉትን ወደ ማስረጃ ለመለወጥ ያቋቋሙት ተቋምና ተቋሙ ሊያሟላው ያልቻለው አንድ ጉድለት ያስከፈለው ዋጋ ግን እምብዛም አይነሣም። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በዚሁ በቀረው ግማሽ ላይ ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አክሊሉ ለማ በ1935 ተወለዱ። በአሜሪካ ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በዶክትሬት ማዕረግ ተመርቀው በ1960ዎቹ አጋማሽ በአገራቸው ሥራ ሲጀምሩ፣ የኢትዮጵያ የከፍተኛ ትምህርት ገና በእግሩ በመቆም ላይ ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1961 ተመሥርቷል፤ የሕክምና ፋኩልቲው የተቋቋመው በ1964 ነው። ከዚያ በፊት በ1954 የተከፈተው የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ያሠለጥን ነበር። እነዚህ ሁሉ በቅድሚያ የማስተማሪያ ተቋማት ነበሩ። የአገሪቱን በሽታዎች በአገሪቱ ውስጥ ሆኖ፣ በራሱ ባለሙያና በራሱ ዕቅድ ከዓመት ዓመት የሚመረምር የዩኒቨርሲቲ ክፍል ገና አልነበረም።

አክሊሉ በ1964 ወደ አድዋ የሄዱት የቢልሃርዚያን ሥርጭት ለማጥናት ነበር። የበሽታው ትል ዕንቁላል ከሰው ዐይነ ምድር ወይም ሽንት ጋር ወደ ውኃ ይገባል፤ ከዕንቁላሉ የሚወጣው እጭ በተወሰኑ የቀንድ አውጣ ዝርያዎች ሰውነት ውስጥ ይራባል፤ ከዚያም ወደ ውኃው ተመልሶ ወንዝ የገባን ሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። እንግዲህ ቀንድ አውጣው ከጠፋ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። አክሊሉ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ሥፍራ በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ከሌላው የወንዙ ክፍል ይልቅ በብዛት ሞተው አገኙ። ከአጣቢዎቹ አንዲቱ የእንዶዱን አረፋ ሕያው ቀንድ አውጣዎች ባሉበት ዕቃ ውስጥ እንድትጨምር ጠየቁ፤ ቀንድ አውጣዎቹም ሞቱ። የታሪኩ ታዋቂ ክፍል እዚህ ላይ ያበቃል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ግን እስከዚህ ድረስ ያለው ክፍል ቀላሉ ነበር፤ የእንዶድን ጠባይ የአድዋ ሴቶችም በራሳቸው መንገድ ያውቁት ነበርና።

አስቸጋሪው ቀጥሎ የመጣው ነው። ምን ያህል እንዶድ በምን ያህል ውኃ ውስጥ፣ በስንት ሰዓት፣ የትኛውን የቀንድ አውጣ ዝርያ ይገድላል? ዓሣንስ? በጎርፍ ጊዜስ? የደረቀ ፍሬ ኃይሉን ለስንት ጊዜ ይጠብቃል? እነዚህን ለመመለስ ቀንድ አውጣ ዓመቱን ሙሉ የሚረባበት ገንዳ፣ ውጤት የሚመዘግብ የሠለጠነ ረዳት፣ ኬሚስት፣ የዕፅዋት ባለሙያ፣ ወደ መስክ የሚወጣ መኪና፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሥራው በአንድ ሰው ፈቃድና ጤና ላይ እንዳይንጠለጠል የሚያደርግ አደረጃጀት ያስፈልጋል። አክሊሉ በ1966 በዩኒቨርሲቲው ሥር የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ፤ ዳይሬክተሩም ሆነው አገለገሉ።

ኢንስቲትዩቱን የእንዶድ ቤት ብቻ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራዎቹ አንዱ በደጋው አገር በሚታየው በቁንጭር፣ ማለትም በቆዳ ሊሽማንያ ላይ የተደረገው ጥናት ነው፤ አክሊሉ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1969 አሳትመውታል። እዚህ ላይ የምርጫው አስተዋይነት ሊታይ ይገባል። ቢልሃርዚያም ሆነ ቁንጭር የበለጸጉት አገሮች ዩኒቨርሲቲዎች በራሳቸው ሕዝብ ላይ የማያዩአቸው በሽታዎች ናቸው። አንድ አዲስ ተቋም በእነዚህ ላይ ቢያተኩር የሌላውን ሥራ ከመድገም ይድናል፤ ናሙናው፣ በሽተኛውና ወንዙ ከቅርብ ይገኙለታል። አቅምን መገንባት ጥያቄን ከመምረጥ ይጀምራል የሚለው አነጋገር ዛሬ የተለመደ ነው፤ በዚያ ዘመን ግን በተግባር የታየው በጥቂት ቦታዎች ብቻ ነበር።

የኢንስቲትዩቱ ትልቁ የመስክ ሥራ ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ የተካሄደው የአምስት ዓመት የቁጥጥር ሙከራ ነው። የአካባቢው እንዶድ ተሰብስቦ በጅረቶቹ ላይ በየጊዜው ተረጨ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት በሆናቸው ሕፃናት የበሽታው ሥርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ፣ በጠቅላላው ሕዝብ ደግሞ ከ63 በመቶ ወደ 34 በመቶ ወረደ። ከሁለቱ ቁጥሮች የበለጠ የሚናገረው የመጀመሪያው ነው። ትሉ በአዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ለዓመታት ስለሚኖር በአዋቂዎች ላይ የሚገኘው መጠን የቀድሞውን መያዝም ጨምሮ ያሳያል። ሕፃናቱ ግን ወይ ሙከራው በሚካሄድበት ጊዜ የተወለዱ ወይም ገና ወንዝ መግባት የጀመሩ በመሆናቸው የእነርሱ ቁጥር የሚለካው አዲስ መተላለፍን ነው። ሕፃናቱን ለይቶ መቁጠርን ያሰበ ቡድን የሚሠራውን ያውቅ ነበር።

በዚያው አሥርት ዓመት የእንዶድ ቀንድ አውጣ ገዳይ ንጥረ ነገር በአሜሪካ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ተለይቶ ለአክሊሉ መታሰቢያ ለማቶክሲን ተባለ። በአገር ውስጥ ደግሞ የአክሊሉ ባልደረባ ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ከልዩ ልዩ ቦታዎች የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው እያበቀሉ በማወዳደር፣ በምርቱና በኃይሉ የላቀውን 44 ቁጥር የሚባለውን ዓይነት መረጡ። ይህ የግብርና ሥራ ከሕክምናው ያነሰ ትኩረት ያገኘ ቢሆንም ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ የአንዱ አጥር እንዶድ ከሌላው አጥር እንዶድ እኩል እንደማይሠራ በመለኪያ አሳይቷልና። በእንጭኒም ሆነ በጊንጪ እንዶድ ላይ ጥናት ሊጀምር የሚያስብ ተማሪ በቅድሚያ ሊያነበው የሚገባው ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ ሥራው ከግድግዳ ጋር ተጋጨ። ማንኛውም ሰው በሚጠጣው ውኃ ውስጥ የሚጨመር ንጥረ ነገር ለሰውና ለእንስሳ ጉዳት እንደሌለው መረጋገጥ ነበረበት፤ የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎችም እንዶድ በዓለም አቀፍ ደረጃ ተቀባይነት ያለው የመርዛማነት ምርመራ ሳይደረግለት ወደ ሰፊ ሙከራ እንዲገባ አልደገፉም። በ1970ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ፣ በ1981 ደግሞ በኤኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት አገሮች የመልካም ቤተ ሙከራ አሠራር ደንብ ሲወጣ መስፈርቱ ይበልጥ ጠበቀ። በደንቡ መሠረት እያንዳንዱ ሚዛን መፈተሽ፣ እያንዳንዱ የሙከራ እንስሳ መመዝገብ፣ እያንዳንዱ ወረቀት መቀመጥ፣ ሁሉም በገለልተኛ ክፍል መመርመር ነበረበት። ይህን የሚያሟላ ቤተ ሙከራ በኢትዮጵያ አልነበረም፤ በሌላ አገር ለማሠራትም ገንዘቡ አልተገኘም።

አክሊሉ በኋላ ዘመናቸው ደጋግመው ያነሡት ቅሬታ፣ የአፍሪካ ሳይንቲስቶች ጠቃሚ ምርምር መሥራት ይችላሉ ወይ የሚለው ጥያቄ ተመልሶ ሳለ የሠሩት ምርምር ግን አመኔታ ያጣል የሚል ነበር። በቅሬታው ውስጥ እውነት አለ። ይሁን እንጂ መስፈርቱን ራሱን እንደ በደል መቁጠር አያስኬድም፤ የአድዋ ሕፃን ጉዳት እንዳይደርስበት የሚጠብቀውም ይኸው መስፈርት ነው። በደሉ መስፈርቱን የሚጠይቁት ወገኖች መስፈርቱን የሚያሟላ ቤተ ሙከራ በድሃው አገር እንዲቆም አለመርዳታቸው ላይ ነበር።

አክሊሉ መንገዱን በሌላ አቅጣጫ ፈለጉ። በመጋቢት 1983 በዛምቢያ ሉሳካ፣ በሚያዝያ 1986 ደግሞ በስዋዚላንድ ምባባኔ ስለ እንዶድ ዓለም አቀፍ ዐውደ ጥናቶች ተካሄዱ። በዘገባዎቹ ዝግጅት ከአክሊሉ ጋር አሜሪካዊው ጥገኛ ሕዋስ ተመራማሪ ዶናልድ ሄይንማንና የስዋዚላንዷ ኬሚስት ሊዲያ ማኩቡ ይገኙበታል። በመጨረሻም በካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ የደኅንነቱ ምርመራ በደንቡ መሠረት ተሠርቶ በ1991 ታተመ። እንዶድ ዐይንን እንደሚያስቆጣና ዓሣን እንደሚጎዳ፣ በቀረው ግን ለአጥቢ እንስሳት ያን ያህል አስጊ እንዳልሆነ ታየ። ከአድዋው ወንዝ እስከዚህ ኅትመት 27 ዓመት አለፈ።

በእነዚያ ዓመታት ዓለም አልቆመም። ፕራዚኳንቴል የተባለው በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት መጥቶ ነበር፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ የዓለም ጤና ድርጅት አቅጣጫም ቀንድ አውጣን ከመግደል ሰውን ወደ ማከም አዘነበለ። እንዶድ ማስረጃውን አሟልቶ ሲቀርብ የሚጠብቀው ወንበር ጠብቦ ነበር። በእርግጥ ተክሉ የራሱ ድክመት ነበረው፤ በውኃ ውስጥ ፈጥኖ ስለሚበሰብስ አካባቢን ባይበክልም እየደጋገሙ መጨመርን ይጠይቃል፤ በቂ ምርት ማግኘትም ሰፊ እርሻ ይፈልጋል። ቢሆንም ምርመራው በ1976 ተጠናቅቆ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ በሌላ ሚዛን ይካሄድ ነበር።

አክሊሉ ከኢንስቲትዩቱ ከወጡ በኋላ በተባበሩት መንግሥታት ሠሩ፤ በፍሎረንስ የሚገኘው የዩኒሴፍ የሕፃናት ዕድገት ማዕከል ምክትል ዳይሬክተርም ነበሩ። ከፊንላንዳዊው ፔንቲ ማላስካ ጋር ለሮም ክለብ የቀረበውን ስለ አፍሪካ ረኀብና ልማት የሚያትት ዘገባ በ1989 አዘጋጁ። በዚያው ዓመት ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። ቀጥሎ የመጣው ሌላ ፈተና ነው። የአሜሪካው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዶድ በሰሜን አሜሪካ ሐይቆች የውኃ ቧንቧ የሚደፍነውን ዜብራ ሙሰል እንደሚገድል አረጋገጡ፤ በ1990ዎቹ የተሰጠው ፓተንትም በዚያ ዩኒቨርሲቲ እጅ ገባ። በዘመኑ የአገር በቀል ዕውቀት ባለቤት ማን ነው የሚለው ክርክር ሲነሣ እንዶድ በምሳሌነት ከሚጠቀሱት አንዱ ሆነ። ነገሩን በሕግ ዐይን ብቻ የሚያዩ አሉ። ይህ ጸሐፊ ግን የቀደመው ጉድለት ሌላ ገጽ አድርጎ ያየዋል፤ በዚያ ጊዜ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ፓተንት የሚያስመዘግብና ውል የሚዋዋል ክፍል ቢኖረው ኖሮ ድርድሩ ከሙከራው በፊት ይጀመር ነበር።

ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በሚያዝያ 1997 ዐረፉ። በ1966 ያቋቋሙት ተቋም በአብዮቱም፣ በጦርነቱም፣ በመንግሥታት ለውጥም ሳይዘጋ ቆይቶ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አክሊሉ ለማ ፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት እየተባለ ይጠራል። በሞቃት አገር ተላላፊ በሽታዎች እስከ ዶክትሬት ያሠለጥናል፤ ምሩቃኑም በክልል ዩኒቨርሲቲዎች እያስተማሩ የማስተርስ ተማሪዎችን ያማክራሉ።