ሁለቱን ባሕሮች ያገናኘው ፒዬር ፖል ሪኬ

ፒዬር ፖል ሪኬ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በደቡብ ፈረንሳይ፣ በቤዚዬ ከተማ ተወለደ። በሙያው መሐንዲስ አልነበረም፤ ለንጉሡ የጨው ግብር በውል እየሰበሰበ ብዙ ሀብት ያካበተ ሰው ነበር። ስሙን ለትውልድ ያቆየለት ግን ያከማቸው ገንዘብ ሳይሆን ገንዘቡን ያፈሰሰበት ሥራ ነው።

አትላንቲክን ከሜዲተራንያን በቦይ የማገናኘት አሳብ ከሪኬ በፊትም ተደጋግሞ ተነሥቶ የተተወ ነበር። አስቸጋሪው ነገር ቁፋሮው ብቻ አልነበረም። ቦዩ ሁለቱን ተፋሰሶች በሚለየው በኖሩዝ ከፍታ፣ ከባሕር ወለል በላይ 190 ሜትር ያህል ላይ ማለፍ ነበረበት። ጀልባ በተላለፈ ቁጥር ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ የሚወርደውን ውሃ በድርቅ ወራት ጭምር የሚተካ ምንጭ ያስፈልግ ነበር።

ሪኬ መልሱን ያገኘው ከጥቁር ተራራ ወንዞች ነው። የሬቬል ከተማ የውሃ ሥራ ዐዋቂ በነበረው በፒዬር ካምፓስ እየተረዳ፣ ወንዞቹን በመጋቢ ቦይ ጠልፎ ወደ ኖሩዝ ለማምጣት አቀደ። ዕቅዱንም በ1662 እ.ኤ.አ. የሉዊ 14ኛ ሚኒስትር ለነበረው ለኮልቤር አቀረበ። መርማሪዎቹ ነገሩ አስቀድሞ በተግባር እንዲረጋገጥ ስለ ፈለጉ፣ በ1665 በገዛ ወጪው የሙከራ ቦይ አስቆፈረ፤ ውሃውም ኖሩዝ ደረሰ። በ1666 ንጉሡ ሥራው እንዲጀመር ዐዋጅ አወጣ።

በሳን ፌሬዮል የሎዶን ወንዝ ውሃ የሚያጠራቅም፣ ከፍታው 35 ሜትር ያህል የሆነ ግድብ ተሠራ። ከግድቡ የሚለቀቀው ውሃ ከሜዳው መጋቢ ቦይ ጋር ተገናኝቶ ወደ ኖሩዝ ይጓዛል። ወንዞቹ ሲሞሉ ግድቡ ይቆጥባል፤ ሲጎድሉ በሮቹ ተከፍተው ጉድለቱን ይሞላሉ። በአግድ ከተማ ደግሞ ቦዩ ከኤሮ ወንዝ ጋር በሚገናኝበት ስፍራ፣ ሦስቱ የውሃ ከፍታዎች ስለሚለያዩ፣ ሦስት በሮች ያሉት ክብ ገንዳ ተሠራ። ጀልባ በመካከሉ ዞሮ በፈለገው በኩል ይወጣል።

ሥራው ያለ ስሕተት አልተፈጸመም። ቀጥ ያለ ግንብ የነበረው የጀልባ ማሸጋገሪያ በአፈር ግፊት ስለ ፈረሰ፣ ሪኬ ግንቦቹን እንደ ዕንቁላል ቅርጽ አጎበጣቸው። በኖሩዝ ያሠራው ሰፊ ገንዳ በደለል ተሞላ። መንገድ ላይ ያሉ ጅረቶች በቀጥታ ወደ ቦዩ እንዲገቡ መደረጋቸውም ደለል አስከተለ፤ ከ1686 ጀምሮ ቮባን ጅረቶቹ ከቦዩ ሥር የሚያልፉባቸውን መተላለፊያዎች አሠራ።

በመጨረሻ ገንዘቡ አለቀ። ሪኬ ሀብቱን ሁሉ አፍስሶ፣ ከፍተኛ ዕዳም ተሸክሞ፣ ጥቅምት 1 ቀን 1680 በቱሉዝ ዐረፈ። 240 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ቦይ የተመረቀው በግንቦት 1681፣ እርሱ ካረፈ ከጥቂት ወራት በኋላ ነበር። ወራሾቹም ከቦዩ ትርፍ ማግኘት የጀመሩት ከአርባ ዓመታት በላይ ቆይተው ነው። ሪኬ የተጨነቀለት ውሃ ግን ዛሬም ኖሩዝ ላይ ደርሶ ለሁለት ይከፈላል፤ እኩሌታው ወደ አትላንቲክ፣ እኩሌታው ወደ ሜዲተራንያን ይወርዳል።